የጅማ ውሃና መብራት ለግል ኩባንያ ቢሰጥ፣ ጦርነት ሲመጣ ማን ይደራደራል?

ሀዊ (ጥያቄ)

ሰላም የጅማ ልጆች። እዚህ ጅማ በቅርቡ ለሚካሄድ ክርክር የደረሰን ርዕስ «ውሃ፣ መብራትና ስልክ በግል ይያዙ ወይስ በመንግሥት?» የሚል ነው። ዕጣው «መንግሥት ይያዛቸው» ከሚለው ወገን ጥሎኛል። ዋና መከራከሪያ ያደረግነው ጦርነትን ነው፦ አገር ስትጨነቅ የውሃውንና የመብራቱን ቁልፍ የያዘ የውጭ ባለሀብት ከኋላው የራሱን መንግሥት አስከትሎ ይመጣል። ተቃራኒዎቻችን ደግሞ «ጊቤ ደጃችን እያለ መብራት የሚጠፋው መንግሥት ስለያዘው ነው» ይላሉ። በመፈክር መመለስ አልፈልግም። የትኛው አገር ምን ገጠመው? ውል ሲነበብስ ዓይን የት ላይ ማረፍ አለበት? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰብስቴሽን

የተቃራኒዎችሽን አባባል ማፍረስ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያንቺም ግማሽ አብሮ ይፈርሳል።

«መብራት» አንድ ሥራ አይደለም። ማመንጨት አለ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፍ አለ፣ ወደ ቤት ማሰራጨት አለ። የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭትና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ነው፣ ጊቤ ሁለት 420፣ ጊቤ ሦስት 1,870። የሚያመነጩት ኃይል ወደ ብሔራዊ ቋት ይገባል፤ «ይህ የጅማ ነው» ተብሎ የሚቀመጥ የለም። ሰፈር ውስጥ የሚጠፋው መብራት በአብዛኛው የሚጠፋው ከ15 ወይም ከ33 ኪሎ ቮልቱ መስመር ወዲህ ነው።

ስሌቱን ክርክሩ ላይ ሰሌዳ ላይ ጻፊው። 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በ0.8 ፓወር ፋክተር (ከጠቅላላው አቅም እውነተኛ ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 160 ኪሎ ዋት ይሸከማል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ 45 ቤት አንድ ላይ እንጀራ ከጋገረ ትራንስፎርመሩ ሞላ፤ ገና አምፖል፣ ፍሪጅና ወፍጮ አልቆጠርንም። ለበዓል ዋዜማ መብራት የሚሄደው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ፊውዙ ይቀልጣል። ፊውዙን በወፍራም ሽቦ የተካ ሰው ካለ ደግሞ ፊውዙ መቅለጡ ይቀርና የትራንስፎርመሩ ጠመዝማዛ ይቃጠላል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሰዓት ሳይሆን የሳምንት ይሆናል። በክረምት የጅማ ዝናብ ያበዛው ቅርንጫፍ መስመሩን እየነካ የሚቆርጠውን ጨምሪበት። ግድቡን ለማንም ብትሸጪው ይህ ሁሉ አይነካም። ባለቤትነት የሚያመጣው ለውጥ ካለ ማሰራጫው ላይ ነው።

ማሰራጫውን ለግል የሰጠች የቅርብ ምሳሌ ኡጋንዳ ናት። ኡሜሜ የሚባለው ኩባንያ ከመጋቢት 2005 እስከ መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ለ20 ዓመት ያዘው። ሲጀምር 38 በመቶ ገደማ የነበረውን የኃይል ብክነት ከ20 በመቶ በታች አወረደው። ይህን አትካጂ፤ ብትክጂ ያሸንፉሻል። ነገር ግን ውሉ ለኩባንያው በዶላር የተሰላ 20 በመቶ ትርፍ ይፈቅድ ነበር፤ ሲያልቅም መንግሥት ከታሪፍ ያልተመለሰውን ኢንቨስትመንት ከፍሎ መረከብ ነበረበት። መንግሥት 118 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ኩባንያው ከዚያ በላይ ነው የሚገባኝ አለ፣ ጉዳዩ ለንደን ግልግል ዳኝነት ሄደ። ፀቡ ያለው የመውጫው አንቀጽ ላይ ነው፤ መግቢያው ላይማ ሁሉም ተጨባብጦ ፎቶ ይነሳል።

ማመንጨትን በተመለከተ የሚያስፈራው የውጭ ምንዛሪው ነው። በ2012 ዓ.ም. በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ጋድ ለሚሠሩ ሁለት የፀሐይ ማመንጫዎች፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት፣ የኃይል ግዢ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ በጣም ርካሽ። አሁን በብር አስቢው፦ ዶላር 57 ብር ሳለ 1 ብር ከ44 ሳንቲም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በ130 ብር ስታሰይው 3 ብር ከ28 ሳንቲም ይሆናል። ፀሐይዋ ያው፣ ፓነሉ ያው። ልዩነቱን የሚሸከመው ወይ ተጠቃሚው ነው ወይ የመንግሥት ካዝና። ባለሀብቶችም ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ የማውጣት ዋስትና ካልተሰጠን ብለው የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው።

ጅሬን

የገዛ አገራቸውን ምሳሌ ትተው ወደ ቦሊቪያ የውሃ ፀብ የሚሮጡ ተከራካሪዎች ይገርሙኛል። ሀዊ፣ የምትፈልጊው ማስረጃ የጅቡቲው ባቡር ነው።

ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ኮንሴሽን (ሠርቶ የመያዝ ፈቃድ) ሰጡ። የተቋቋመው የግል ኩባንያ ነው፤ መንግሥት የለበትም ተብሎ ነው የተጀመረው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ። በዚያው ዓመት የካቲት የፈረንሳይ መንግሥት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ልደጉም ብሎ ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ በልዋጩ በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን ያዘ። ኮንሴሽኑን የሰጡት ምኒልክ ውሉ ውስጥ አልነበሩም። እሳቸው ተቆጥተው ሥራው ቆመ። በታኅሣሥ 1906 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን በተጽዕኖ ቀጠና የሚከፋፍለውን የሦስትዮሽ ስምምነት ለንደን ላይ ሲፈራረሙ ባቡሩ ከዋነኞቹ ርዕሶች አንዱ ነበር። በ1908 አዲስ ኮንሴሽን ተሰጠ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

የጦርነቱ ክፍል ከዚህ ይብሳል። ጥር 1935 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሲስማሙ ፈረንሳይ ለጣሊያን ከሰጠቻቸው ነገሮች አንዱ 2,500 የባቡሩ አክሲዮን ነበር። ወረራው የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ብቸኛ የባሕር በር መስመር አክሲዮን፣ ኢትዮጵያ ባልተቀመጠችበት ጠረጴዛ ላይ የዲፕሎማሲ መክፈያ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር «ግል መጥፎ ነው» የሚል አይደለም። ውሉ ውስጥ የአክሲዮን ዝውውር ያለ አገሪቱ ፈቃድ አይፈጸምም የሚል የማያሻማ አንቀጽ፣ ድጎማና ብድርም ያለ እሷ ዕውቅና አይገባም የሚል ሌላ አንቀጽ አለ ወይ? ተቃራኒዎችሽን ይህን ጠይቂያቸው።

አሁን ግን ያንቺን ክርክር የሚጎዳውን ልንገርሽ፣ እነሱ ቀድመው ካመጡት ትደነግጫለሽ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ኢትዮጵያ ምፅዋ አጠገብ ያለውን የሕርጊጎ ኃይል ማመንጫ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ደበደበች። የአሰብ መጠጥ ውሃ የሚመጣበትን የሐርሲሌ ማጠራቀሚያም ደብድባለች። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ለያይቶ ፈረደ፦ ማመንጫው ሕጋዊ ወታደራዊ ዒላማ ነው፣ ስለዚህ ኢትዮጵያ አትጠየቅም፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ግን ለሕዝብ ሕልውና አስፈላጊ ነውና ኢትዮጵያ ተጠያቂ ናት። ዳኞቹ «ባለቤቱ ማነው?» ብለው አልወሰኑም። የጠየቁት ነገሩ ምን ያገለግላል ብለው ነው። ስለዚህ «መንግሥት ከያዘው በጦርነት ይጠበቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለሽ ሰርዢው።

ሂርማታ 2

ስልኩን ረሳችሁት። የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ነበር፤ ዝቅተኛው 33፣ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይሄ ወደ ግል ማዞር አይባልም፤ መሪውን የያዘው ያው መንግሥት ነው። በሌላ በኩል ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ሲያገኝ አዲስ መስመር ዘረጋ እንጂ ነባሩን አልገዛም። «መሸጥ»፣ «አክሲዮን ማካፈል» እና «ተወዳዳሪ ማስገባት» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክርክር ላይ የሚቀላቅላቸው ሰው ካለ እዚያው ያዢው።

ደግሞም የመንግሥት መሆን አገልግሎት አይቋረጥም ማለት አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ከተፈረመው የሰላም ስምምነት ውስጥ የመሠረታዊ አገልግሎቶች መመለስ አንዱ ነበር፤ መቐለም ከብሔራዊ ቋት ጋር የተገናኘችው በቀጣዩ ወር ነው። መብራትና ስልክ ራሱ የድርድር አጀንዳ ሆነ። ባለቤቱ አንድ መንግሥት ነው።

ቆጣሪ አንባቢ

ስለ ውሃ ማንም ዝርዝር አልጻፈም፤ ለጅማ ከመብራቱ ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው። የከተማ ውሃ ከከተማው ጋር ይኖራል፣ በሽቦ ከሌላ አገር አይመጣም፣ ሁለተኛ ቧንቧ ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚወዳደር ኩባንያም የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ ያለው ፉክክር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጨረታው ቀን።

መጀመሪያ ሕጉ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 የመንግሥት ድርጅትን መሸጥን አይመለከትም። በዚህ አዋጅ የሚመጣ ሰው «ልግዛው» ሊል አይችልም፤ ሊል የሚችለው ላስተዳድረው፣ ልከራየው፣ ወይም ገንዘቤን አፍስሼ ለተወሰነ ዓመት ልያዘው ነው። ሦስቱ የሚለያዩት አደጋውን ማን ይሸከማል በሚለው ነው። በማስተዳደር ውል ኩባንያው ክፍያውን ይወስዳል፣ ቧንቧ ቢፈነዳ የከተማው ነው። በኪራይ ውል የሰበሰበውን ይካፈላል፣ ካልሰበሰበ ይጎዳል፣ ትልልቁን ግንባታ ግን ከተማው ይሠራል። በኮንሴሽን ግንባታውም የእሱ ነው፤ ለዚህም ነው በታሪፍና በዓመት ብዛት የሚጨክነው።

ሁለተኛው፣ ሁሉም የሚወድቅበት፣ የመነሻ ቁጥሩ ነው። ወደ ስርጭት 10,000 ሜትር ኩብ ገብቶ 6,200 ብቻ ቢል ከተቆረጠለት፣ ገቢ የማያስገኘው ውሃ 38 በመቶ ነው። ጥያቄው 10,000ውን ምን ለካው? በብዙ ከተሞች የማጣሪያው መውጫ ትልቁ ቆጣሪ ይበላሽና ምርቱ የሚገመተው በፓምፕ ሰዓት ነው። ፓምፑ ሲያረጅ በሰዓት የሚገፋው ይቀንሳል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የፋብሪካው ቁጥር ይቀጥላል። በዚህ ላይ ውል ከተፈረመ ኩባንያው መጀመሪያ የሚያደርገው ትልቁን ቆጣሪ መቀየር ነው፤ አንድ ቧንቧ ሳይጠግን «ብክነት ቀነስኩ» ብሎ ጉርሻውን ይወስዳል። ማታለል እንኳን አይባልም፣ ውሉ የፈቀደለት ነው።

ስለዚህ ከጨረታ በፊት ትልቁ ቆጣሪ ይቀየራል፣ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት ይነበባል። ከዚያ ቀጠና በቀጠና በር ተዘግቶ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ፍሰት ይለካል። በዚያ ሰዓት የሚጠቀም ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚፈሰው በአብዛኛው መፍሰሻ ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልኬት አይሠራም፤ ሰው ሁሉ ሌሊት ተነስቶ በርሜልና ሮቶ ስለሚሞላ ፍሰቱ ከፍ ብሎ ይታያል። እዚያ ቀጠና ላይ ለተወሰኑ ቀናት ውሃው ሳይቋረጥ ተለቆ ሮቶዎቹ ሲሞሉ ነው የሚለካው።

ቁጥሩ ሲበላሽ የሚሆነውን ዳሬሰላም ላይ እዪ። ሲቲ ወተር የተባለው ኩባንያ ነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ገባ፣ የሚሰበስበው ካሰበው አነሰ፣ የኪራዩን ክፍያ አቆመ፣ መንግሥት ግንቦት 2005 ውሉን አፈረሰ። ግልግል ዳኞቹ በ2008 ታንዛኒያ ስምምነት ጥሳለች ካሉ በኋላ ካሳ ግን ዜሮ አሉ፤ ኩባንያው ቀድሞውኑ ዋጋ አልነበረውምና። በተቃራኒው ሴኔጋል በ1996 ቧንቧውን በመንግሥት ድርጅት ስም አስቀርታ ሥራውን ብቻ አከራየች፤ ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ብክነት ወደ 20 አካባቢ ወረደ። በእኔ ግምት ለጅማ የሚያዋጣ የግል ውል ካለ እሱ ነው፤ ኮንሴሽን አይደለም። ሽያጭማ እንግሊዝ በ1989 ሞከረችው። የውሃ ኩባንያዎቹ ዕዳቸው ተሰርዞላቸው ነው የተሸጡት፤ ዛሬ ቴምዝ ወተር ብቻውን ከ15 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸክሟል።

ሦስተኛ፣ ጦርነቱን ከውሃ ጋር የሚያገናኘው ኬሚካል ነው። ማጣሪያ የሚቆመው ከቦምብ በፊት ክሎሪን ሲያልቅ ነው። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ቢጨመርበት 20 ኪሎ ንጹሕ ክሎሪን ይፈልጋል፤ ዱቄቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን ስለሚይዝ 30 ኪሎ ገደማ ዱቄት ማለት ነው። የ90 ቀን መጠባበቂያ 2.7 ቶን ነው፣ አንድ መለስተኛ መጋዘን ይበቃዋል። ግን እርጥበትና ሙቀት ዱቄቱን ያዳክመዋል፣ በጅማ አየር ደግሞ ክዳኑ የላላ በርሜል ቶሎ ይበላሻል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ የሚል መዝገብ ያስፈልጋል። ለማጥለያ የሚሆነው አልሙኒየም ሰልፌት አዋሽ መልካሳ ይመረታል፤ መንገድ ቢዘጋ ግን ያው ነው። ውሉ «ኦፕሬተሩ የ90 ቀን ክሎሪንና የሰባት ቀን የጄኔሬተር ናፍጣ ይይዛል፣ ከተማው በየወሩ ይቆጥራል» ካላለ፣ ኩባንያው መጋዘን ላይ ገንዘብ የሚያስርበት ምክንያት የለውም። የመንግሥት ድርጅትም ቢሆን አይዝም፤ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ሀዊ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች ልቀይረው ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በጦርነት ንብረቱ ቢወድም የውጭ ባለሀብት ከኢትዮጵያ ካሳ ይጠይቃል ወይ? ሁለተኛ፣ ጊቤን የመሰለ ግድብ ከሕርጊጎ ጋር አንድ ዓይነት ነው የሚታየው?

ጅሬን

ለመጀመሪያው፣ አዎ፣ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሁለትዮሽ የኢንቨስትመንት ስምምነት ካለ። ስሪላንካ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ጦር ከአማፂ ጋር ሲዋጋ የአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ የዓሣና ሽሪምፕ እርሻ ወደመ። ዳኞቹ በ1990 መንግሥት ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረገም ብለው 460,000 ዶላር ፈረዱ። ማን እንዳወደመው እንኳን በእርግጠኝነት አልተረጋገጠም ነበር። ስለዚህ «ሙሉ ጥበቃና ደኅንነት» የሚል ሐረግ ስታዪ አጅቢ ቃል አይምሰልሽ፤ ቼክ ነው። ኢትዮጵያም የኒው ዮርኩን የግልግል ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች፤ በውጭ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ ሊፈጸም ይችላል።

ቦሊቪያን ከጠሩብሽ ደግሞ ይህን ጨምሪ፦ ኮቻባምባ ላይ የውሃ ኮንሴሽን የያዘው ኩባንያ በ1999 መጨረሻ ባለቤትነቱን በኔዘርላንድስ በኩል አዞረ፤ በሚያዝያ 2000 ሕዝቡ ሲያስወጣው የከሰሰው በኔዘርላንድስና በቦሊቪያ ስምምነት ነው። በ2006 በሁለት ቦሊቪያኖ ተዘጋ፤ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ የማይበልጥ ገንዘብ። ግን የተዘጋው በዓለም ዙሪያ ጩኸት ስለበዛ ነው፣ ሕጉ ስለረታው አይደለም። ከየትኛው አገር ኩባንያ ጋር እንደምትዋዋዪ አንቀጹ ላይ ስሙን ጽፈሽ «ዜግነት መቀየር ውሉን ያቋርጣል» በዪ።

አንድ ማረሚያ ለራሴም፦ በስምምነት የሚከሰው የግሉ ብቻ አይደለም። ሩሲያ ክራይሚያን ከያዘች በኋላ የዩክሬን የግል መብራት ኩባንያ ዲቴክ በ2023 እ.ኤ.አ. 267 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። በዚያው ዓመት የመንግሥት የሆነው ናፍቶጋዝም 5 ቢሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ይኸው ናፍቶጋዝ የሩሲያን ጋዝ በዩክሬን መሬት እያሳለፈ እስከ 2024 መጨረሻ ሠርቷል፤ ከላይ መድፍ፣ ከታች ጋዝ። በ2019 የተፈረመ የአምስት ዓመት ውል ነበረና።

ሰብስቴሽን

ጅሬን የመጨረሻዋን ያመጣት እኔን ለማስቆጣት ሳይሆን አይቀርም፤ የመንግሥት ኩባንያም ውል ያከብራል ለማለት። ይሁን። ግን ሀዊ፣ ናፍቶጋዝ ያሳለፈው ጋዝ አውሮፓ ገዢ ስለነበረው ነው፤ ያለ ገዢ ውሉ አንድ ቀን አያድርም ነበር። ማሰራጫ መስመር እንዲህ ዓይነት ጠባቂ የለውም። ለዚህ ነው እኔ ማሰራጫው ከተማው ወይም መንግሥት እጅ ይቆይ፣ አዲስ ማመንጫ ግን ለግል ይከፈት የምለው። ቆጣሪ አንባቢ እንደማይስማማ አውቃለሁ።

ቆጣሪ አንባቢ

አልስማማም። የተቃጠለውን ትራንስፎርመር የሚተካ ሰው ደመወዙ ከሰበሰበው ጋር እስካልተያያዘ ድረስ መስመሩ በማንም እጅ ቢሆን ሳምንት ይጠብቃል።

ጅሬን

የሀዊ ሁለተኛ ጥያቄ እንዳይረሳ። ግድብ ከሕርጊጎ ይለያል። የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ አንቀጽ 56 ግድብን፣ የጎርፍ መከላከያ ክትርንና የኒውክሌር ማመንጫን ለብቻ ያነሳል፦ ወታደራዊ ዒላማ ቢሆኑ እንኳን፣ የሚለቀቀው ውሃ ወይም ጨረር በሲቪል ሕዝብ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ አይጠቁም። ጥበቃው የሚነሳው ግድቡ ከተለመደ ሥራው ውጭ ለጦር ዘመቻ ቋሚ፣ ጉልህና ቀጥተኛ ድጋፍ ሲሰጥ፣ ያንን ድጋፍ ለማስቆምም ከማጥቃት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን የተቀበለችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ምልክትም አለው፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ብርቱካናማ ክቦች። ምልክቱን ማድረግ ግዴታ አይደለም፣ ባይኖርም ጥበቃው አይቀርም። ከግድቡ የሚወጣው የማስተላለፊያ መስመርና ማከፋፈያ ጣቢያው ግን በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሉም፤ እነሱ የሚታዩት በሕርጊጎ ዓይን ነው።